ስለ ትንሽ ሞተር ካርቡሬተር አያያዝ፥ አጠራረግና ብልሽት አፈላለግ

ለቦሪና ለሞያሌ አካባቢ ባለሞተሮች የቀረበ ትምህርት

በሞያሌ ዙሪያ፥ በድንበሩ በሁለቱም ወገን የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ከብት፥ ግመልና ፍየል አርቢ ነው። አርቢ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ውሃን መሆኑ የታወቀ ነው። በኬንያ ወገን በምትገኘው በቦሪና በጎረቤት መንደሮች ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ስለሌለ፥ ውሃ የሚገኘው ከኩሬ፥ ከጉድጓድና ከዝናብ ማጠራቀሚያ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው በከሸፉ ጊዜ፥ በቦረናና በማርሳቢት ምድር የደረሰውን የከብት እልቂት ያየ ሁሉ፥ በገንዳ ዙሪያ ቆሞ ውሃ የሚጠብቅ መንጋ ብዙ ቀን ሊታገሥ እንደማይችል ያውቃል።

ዛሬ ውሃውን ከኩሬ ወደ ገንዳ የሚያወጣው በብዙ ስፍራ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ነው። ለሱቅ መብራት የሚሰጠው ጀነሬተር፥ በሽተኛን ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ሞተር ብስክሌትም የዚሁ ቤተ ዘመድ ናቸው። እነዚህ ሞተሮች ሲቆሙ፥ ብልሽቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በካርቡሬተር ውስጥ ነው። ባለሞተሩ ግን የዚህን ክፍል ሥራ ስለማያውቅ፥ ወይ ያለ ምክንያት አዲስ ዕቃ ይገዛል፥ ወይ ሞተሩን በመኪና ጭኖ ወደ ከተማ ይልካል፤ መንጋውም ሁለትና ሦስት ቀን ይጠማል። ጥፋቱ ሲመረመር ግን ከ1 ሚሊሜትር የምታንስ አንዲት ቀዳዳ ተደፍና ይገኛል። ስለዚህ ማንኛውም ጥንቁቅ ሰው በጥቂት ሰዓት ሊፈጽመው የሚችለውን ይህን ሥራ በተራ ለማስረዳት ይህ ትምህርት ቀርቧል።

1. የካርቡሬተር ሥራ

ካርቡሬተር ማለት ቤንዚንን ከአየር ጋር በልክ እየቀላቀለ ለሞተሩ የሚያቀርብ መሣሪያ ነው። ቤንዚን በፈሳሽነቱ ሳለ በሞተር ውስጥ በሚገባ አይቃጠልም፤ እንደ ጉም ረቅቆ ከአየር ጋር መዋሐድ አለበት። ልኩም በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ነው። ይህን በስፋት ብናስበው፥ በሞያሌ ከፍታ፥ ማለት ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ላይ፥ 1 ሊትር ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል ወደ 10,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። እንግዲህ ሞተር ከቤንዚን ይልቅ አየርን እጅግ አብልጦ የሚበላ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ አቧራ በበዛበት አገር የአየር ማጣሪያው ነገር ቸል ሊባል የማይገባውም ስለዚህ ነው። ቤንዚኑ ከልኩ ሲበዛ ድብልቁ ወፈረ፥ ሲያንስ ድብልቁ ቀጠነ እንላለን። እነዚህ ሁለት ቃላት በሚቀጥለው ትምህርት ሁሉ ያገለግላሉ።

የሚሠራበት ሕግ ቀላል ነው። ነፋስ በሁለት ቤቶች መካከል ባለች ጠባብ መንገድ ሲያልፍ እንደሚበረታ ሁሉ፥ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ የሚያልፈው አየርም በጠበበው ስፍራ ይፈጥናል። አየሩ በፈጠነበት ስፍራ ግፊቱ ይቀንሳል። ከታች በተጠራቀመው ቤንዚን ላይ ግን የውጭው አየር ባልተቀነሰ ግፊት ይጫናል፤ ስለዚህ ቤንዚኑ በቀጭኗ ቀዳዳ ወደ ላይ ወጥቶ በአየሩ ውስጥ ይረጫል። የፍሊት መርጫ የያዘ ሰው ይህንኑ በዓይኑ አይቷል። የግፊቱን ሕግ የስዊሱ ሊቅ ዳንኤል በርኑሊ በ1738 አሳተመ፤ የጠባቡን ጉሮሮ ነገር ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ (1746–1822) መረመረ፤ ቤንዚን የሚረጨውን ካርቡሬተር ደግሞ ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባኽ፥ እንዲሁም ሃንጋሪያውያኑ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ በ1893 ገደማ ሠሩ። በዘመናችን የሚሠሩት መኪኖች በካርቡሬተር ፈንታ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ መርጫ ይዘዋል፤ ትንንሾቹ የቤንዚን ሞተሮች ግን አብዛኞቹ እስከ ዛሬ በካርቡሬተር ይሠራሉ። በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ካርቡሬተር የለውምና ይህ ትምህርት እርሱን አይመለከትም።

2. የካርቡሬተር ክፍሎች

በመካኒኮቻችን አፍ ካንዴላ፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ሚኒሞ የሚባሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በኬንያ ወገን ባሉት ሱቆች ግን የእንግሊዝኛው ስም ስለሚሠራበት፥ ካንዴላ ፕላግ፥ ሚኒሞም አይድል ይባላል። ዕቃ ገዢ ሁለቱንም ስም ቢያውቅ፥ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ አሮጌውን ዕቃ ይዞ ቢሄድ፥ ከመሳሳት ይድናል። ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ጽዋው። ከሥር ተንጠልጥሎ ቤንዚን የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ ነው። ውሃና ዝቃጭ የሚተኙት በእርሱ ታች ነው።

2ኛ/ ተንሳፋፊውና መርፌው። ተንሳፋፊው በጽዋው ቤንዚን ላይ ይዋኛል። ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብሎ ጫፏ የሾለውን መርፌ ወደ መቀመጫዋ ይገፋና መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ዝቅ ብሎ ይከፍታል። በውሃ በርሜል ውስጥ ቧንቧውን እንደሚዘጋው ኳስ ማለት ነው።

3ኛ/ ዋናው ጄት። በመካከል የሚገኝ፥ መሐሉ በልክ የተበሳ የናስ ብሎን ነው። ሞተሩ ሥራ በያዘ ጊዜ ቤንዚኑ የሚያልፈው በዚህ ነው።

4ኛ/ የአረፋ ቱቦው። ከዋናው ጄት በላይ የሚገባ፥ በጎኑ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ቀጭን ቱቦ ነው። ቤንዚኑ በጉሮሮው ከመረጨቱ በፊት ከአየር ጋር አረፋ እንዲሆን ያደርጋል።

5ኛ/ የሚኒሞ ጄት። ሞተሩ ያለ ሥራ በዝግታ ሲዞር የሚመግበው ይህ ነው። ከሁሉ የጠበበ ስለሆነ ከሁሉ ቀድሞ የሚደፈን እርሱ ነው።

6ኛ/ ቾክና የአክስለሬተር መዝጊያ። ሁለቱም በጉሮሮው ውስጥ የሚዞሩ ክብ ሳንቃዎች ናቸው። ቾክ አየሩን ዘግቶ ቀዝቃዛው ሞተር እንዲነሣ ድብልቁን ያወፍራል፤ ሁለተኛው የሞተሩን ፍጥነት ይገዛል። በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ በሁለተኛው ሳንቃ ፈንታ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሸራተት መዝጊያ አለ፤ ከእርሱም ጋር ረዥም መርፌ ተያይዞ ይገኛል።

3. ካርቡሬተሩ ከመፈታቱ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ሞተር አልነሣ ባለ ቁጥር ካርቡሬተርን መወንጀል ተገቢ አይደለም። ሦስት ነገሮች፥ ማለት ነዳጅ፥ አየርና የካንዴላ እሳት በየተራ ይመርመሩ።

በመጀመሪያ የሞተር ዘይቱ ልክ ይታይ። ብዙዎቹ የዛሬ ጊዜ የውሃ ሞተሮችና ጀነሬተሮች ዘይት ሲጎድል እሳቱን በራሳቸው ያቋርጣሉ፤ ዘይት ጨምሮ ሊጨርስ የሚችለውን ነገር ያላወቀ ሰው ካርቡሬተሩን በከንቱ ይፈታል። ቀጥሎ የነዳጁ ቧንቧ መከፈቱና በታንከሩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ አለመደፈኗ ይረጋገጥ። ይህች ቀዳዳ ስትደፈን ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይቆማል፤ ክዳኑ ላላ ሲደረግ ቢነሣ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ካንዴላው ይፈታና ጫፉ ይታይ። የጫፉ መልክ ስለ ድብልቁ ይመሰክራል፤ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ድብልቁ ወፍሯል፤ በቤንዚን ከራሰ ከመጠን በላይ ጠጥቷል፤ ከነጣ ደግሞ ድብልቁ ቀጥኖ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል። የእሳቱ ፍተሻ ፈሳሽ ቤንዚን በአጠገቡ በሌለበት ይደረግ፤ ብልጭታው ጭሱን ያቀጣጥላልና።

በመጨረሻ ካንዴላው ሲመለስ፥ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ቤንዚን ይጨመር፤ የፈሰሰው ይጠረግ፤ ካንዴላው ይጥበቅና ሞተሩ ይሳብ። ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ቢጠፋ እሳቱ ደኅና ነው፤ የጎደለው ነዳጅ ነው። አሁን ካርቡሬተሩን ለመፍታት በቂ ምክንያት ተገኘ።

4. የቤንዚኑ ንጽሕና

ካርቡሬተር ከሚበላሽበት ምክንያት የሚበልጠው ቤንዚኑ ራሱ ነው። ከማደያ በራቁ መንደሮች ቤንዚን በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ስለሚሸጥ ውሃ፥ አሸዋና ነጭ ጋዝ ይደባለቅበታል። በኬንያ ነጭ ጋዝን ከሌላ ነዳጅ ጋር መቀላቀል እጅግ በመብዛቱ፥ መንግሥት ይህን ለመግታት በ2018 በነጭ ጋዝ ላይ በሊትር 18 ሽልንግ የሚሆን ልዩ ቀረጥ ጥሎ ነበር።

ገዢ ራሱ ሊያደርገው የሚችል ሁለት ቀላል ፈተና አለ። ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ ብርጭቆ ተቀድቶ ቢቀመጥ ውሃው ከታች ተለይቶ ይታያል። ደግሞም አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ቢደረግ፥ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ሲጠፋ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን የቅባት ምልክት ይተዋል።

በኢትዮጵያ በ2008 በፈረንጆች አቆጣጠር ከስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ኤታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ በ2011 ልኩ ወደ 10 በመቶ ከፍ ተደረገ። ኤታኖል ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው፥ እንዲህ ያለ ቤንዚን በጽዋው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲቀመጥ ብረቱን ያዝጋል፤ አሮጌ ጎማዎችንም ያበላሻል። ኤታኖል የሌለበትም ቤንዚን ቢሆን ለወራት ከተቀመጠ ቀላሉ ክፍል ይተንና፥ የሚቀረው እንደ ሙጫ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

5. አፈታት

ለሥራው የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም ለብሎኖቹ የሚስማሙ ቁልፎች (ብዙ ጊዜ ባለ 10 ቁጥር)፥ ትልቅና ትንሽ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ንጹሕ ጨርቅ፥ ነጭ ሳህን፥ የጎማ መንፊያና የዓይን መነጽር ናቸው። ስፍራው ነፋስ የሚገባበት፥ ከምድጃ፥ ከከሰልና ከሲጋራ የራቀ ይሁን። በአቧራማ ነፋስ ጊዜ ከመሥራት በጠዋት መሥራት ይሻላል።

1ኛ/ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የካንዴላው ሽቦ ይነቀል፤ የነዳጁ ቧንቧ ይዘጋ።

2ኛ/ ካርቡሬተሩ ከመፈታቱ በፊት ውጭው ይጠረግ። ያለዚያ የውጭው አፈር ወደ ውስጥ ይገባል።

3ኛ/ የሽቦዎቹና የጥቃቅኖቹ ምንጮች ማያያዣ ከመነቀሉ በፊት በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፥ ወይም በወረቀት ይሣል። ምንጭ ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ ተረስቶ በሌላው ከገባ ሞተሩ ከልክ በላይ ሊፈጥን ይችላል።

4ኛ/ ከጽዋው ሥር ያለው ማፍሰሻ ብሎን ይላላና ቤንዚኑ በነጩ ሳህን ላይ ይቀዳ። የሳህኑ ነጭነት የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ የውሃ ጠብታ፥ ዝገትና አሸዋ ቢኖር ወዲያው ይታያል። ምንም ቤንዚን ካልወጣ፥ መዘጋቱ ከካርቡሬተሩ በፊት በቧንቧው ወይም በማጣሪያው፥ አለዚያም በመርፌው መግቢያ ላይ ነው።

5ኛ/ ጽዋው ይፈታ። በዙሪያው ያለው የጎማ ቀለበት እንዳይበጠስ በቀስታ ይነሣ። ተንሳፋፊውን የያዘችው ቀጭን ዘንግ ትሳብና ተንሳፋፊው ከነመርፌው ይውጣ። መርፌዋ ትንሽ ስለሆነች በአፈር ላይ ከወደቀች አትገኝም፤ ከሥር ጨርቅ ይነጠፍ።

6ኛ/ ዋናው ጄት አፉን በልክ በሚሞላ ካቻቢቴ ይፈታ። ናስ ለስላሳ ብረት ነውና የማይስማማ ካቻቢቴ ስንጥቁን ያበላሸዋል። ጄቱ ሲወጣ የአረፋው ቱቦ ተከትሎ ይወጣል።

7ኛ/ የድብልቁ መለኪያ ብሎን የሚፈታ ከሆነ፥ አስቀድሞ ወደ ውስጥ በቀስታ እስኪነካ ድረስ ይዙርና ስንት ዙር እንደሆነ ይቆጠር፤ ቁጥሩም ይጻፍ። ሲመለስ በዚያው ቁጥር ይከፈታል። ይህን ብሎን በኃይል ማጥበቅ ሾጣጣ ጫፉን ያበላሻል።

6. አጠራረግ

የብረቱ ክፍሎች በንጹሕ ቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ ወይም ለዚሁ በተሠራው መርጫ ይታጠቡ። ጎማና ፕላስቲክ የሆኑት ግን በመርጫው መድኃኒት ሊያብጡ ይችላሉና ለብቻቸው በጨርቅ ይጠረጉ። ዓይን በመነጽር ይሸፈን፤ በአንድ ቀዳዳ የገባ መርጫ በሌላው ወጥቶ ዓይን ይመታልና።

እያንዳንዱ ጄት ወደ ብርሃን ተይዞ ይታይ። በመሐሉ ፍጹም ክብ የሆነ ብርሃን ካልታየ አልጠራም ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚፈጽመው ስሕተት መርፌ ወይም የብረት ሽቦ መክተት ነው። ብረት ናሱን ይቦረቡራል፤ የቀዳዳዋ ስፋት በጥቂቱ እንኳ ቢጨምር ድብልቁ ለዘወትር ይወፍራል፤ ሞተሩም ያለ አገልግሎት ብዙ ቤንዚን ይጠጣል። ስለዚህ ጄቱ በመድኃኒቱ ውስጥ ይቆይና በአየር ይነፋ። ጎሚስታ ባለበት ኮምፕሬሰሩ፥ በሌለበት የጎማ መንፊያው ይበቃል። ይህም ካልረዳ ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር፥ ከቀዳዳዋ የምታንስ ሆና፥ ያለ ኃይል ትለፍ። የአረፋው ቱቦ የጎን ቀዳዳዎች፥ የሚኒሞ ጄትና በካርቡሬተሩ አካል ውስጥ የተበሱት መተላለፊያዎች ሁሉ እንዲሁ በየተራ ይነፉ። ዋናውን ጄት ብቻ ጠርጎ የሚኒሞውን የረሳ ሰው ሥራውን እንደገና መጀመሩ አይቀርም።

ተንሳፋፊው በጆሮ አጠገብ ይነቅነቅ። ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ ቀዳዳ ስላለው በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ቢጠልቅ አረፋ ይወጣል፤ እንዲህ ያለው መለወጥ አለበት። የመርፌዋ ሾጣጣ ጫፍ በጥፍር ሲዳሰስ ቀለበት የሚመስል ጎድጓዳ ምልክት ካለበት፥ ቤንዚኑን አጥብቃ ስለማትዘጋ ትለወጥ።

7. አገጣጠምና ማስተካከል

ክፍሎቹ በተፈቱበት ተራ ወደ ኋላ ይመለሱ። ጄቶቹ ይጥበቁ እንጂ በኃይል አይታጠሩ። መርፌና ተንሳፋፊ ከተገጠሙ በኋላ ካርቡሬተሩ ተገልብጦ ይያዝ፤ ንጹሕ ቱቦ በነዳጁ መግቢያ ላይ ይደረግና በቀስታ ይነፋ። ተንሳፋፊው በክብደቱ መርፌዋን ሲጫን አየሩ ከቆመ፥ በጣት ከፍ ሲደረግ ደግሞ ካለፈ፥ ቫልቩ ደኅና ነው።

ካርቡሬተሩና ሞተሩ በሚገናኙበት ስፍራ ያሉት ጋስኬቶች የተቀደዱ ከሆኑ ይለወጡ። በዚህ ስንጥቅ የሚገባ አየር በጄት ሳይለካ ስለሚገባ ድብልቁን ያቀጥነዋል፤ ጠራጊው ግን ጥፋቱን በጄቱ ላይ ሲፈልግ ይውላል።

ነዳጁ ተከፍቶ አምስት ደቂቃ ያህል ምንም አለመፍሰሱ ይረጋገጥ። ከዚያ ሞተሩ ይነሣና ይሙቅ። የድብልቁ ብሎን ቀድሞ በተጻፈው ዙር ላይ ይሁን፤ ቁጥሩ ከጠፋ ከ1 ተኩል እስከ 2 ዙር ተከፍቶ መጀመር ይቻላል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ብሎኑ በሩብ ዙር በሩብ ዙር ወደ ሁለቱም ወገን ይሞከር፤ ድምፁ ከሁሉ የፈጠነበትና የጸናበት ስፍራ ልኩ ነው። ከዚያ የሚኒሞው ፍጥነት በራሱ ብሎን ይስተካከል።

ጀነሬተር ያላቸው ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በኢትዮጵያም በኬንያም የኤሌክትሪኩ ልክ 50 ኸርትዝ ስለሆነ፥ የተለመደው ትንሽ ጀነሬተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ መዞር አለበት። ይህን የሚጠብቅ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ምንጭ አለው። የተደፈነ ካርቡሬተርን ለመርዳት ብሎ ይህን ምንጭ የሚጎትት ሰው፥ ካርቡሬተሩ በጠራ ቀን የኤሌክትሪኩን ኃይል ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ የመድኃኒት ማቀዝቀዣውን ሊያቃጥል ይችላል።

ስለ ከፍታም ጥቂት እንበል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለምትበልጥ አየሯ ከሞያሌ አየር ይሳሳል። ለደጋው አየር እንዲስማማ ትንሽ ጄት የተገባለት ሞተር ወደ ሞያሌ ሲወርድ ድብልቁ ይቀጥንና ይግላል። ከቆላ ወደ ደጋ የወጣው ደግሞ ድብልቁ ይወፍራል፥ ይጨሳልም። ስለዚህ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ከየት አገር እንደመጣ ይጠይቅ።

8. ምልክቶችና መድኃኒታቸው

1ኛ/ በቾክ ብቻ የሚሠራ፥ ቾኩ ሲከፈት የሚጠፋ ሞተር፦ ድብልቁ ቀጥኗል። የሚኒሞ ጄት ወይም ዋናው ጄት ተደፍኗል፥ ወይም በጋስኬት አየር ይገባል።

2ኛ/ ድምፁ እንደሚያለከልክ ሰው ከፍ ዝቅ የሚል ሞተር፦ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ያው የነዳጅ ማነስ ነው። በመጀመሪያ የሚኒሞ ጄት ይጠረግ።

3ኛ/ በባዶው ደኅና ዞሮ ሥራ ሲይዝ የሚሞት ሞተር፦ ዋናው ጄት፥ የአረፋው ቱቦ ወይም የነዳጁ ማጣሪያ ይመርመር።

4ኛ/ ከካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ፦ መርፌዋ አልዘጋችም፥ ወይም ተንሳፋፊው ተበስቷል። የዚህ ሞተር ዘይት ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ ወደ ዘይቱ ወርዷልና ዘይቱ ሳይለወጥ ሞተሩ አይነሣ።

5ኛ/ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ፦ ድብልቁ ወፍሯል። ከሁሉ በፊት የአየር ማጣሪያው ይታይ፤ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱም ይረጋገጥ። ሰማያዊ ጭስ ግን የሚቃጠል ዘይት ነውና የካርቡሬተር ጥፋት አይደለም።

9. ስለ ሞት አደጋ

ቤንዚን ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ መልክም ሽታም የለውም፤ ሰውየው ራሱን እስኪስት ድረስ አያውቀውም። ድብልቁ የወፈረ ሞተር ደግሞ ይህን መርዝ አብዝቶ ያወጣል። ስለዚህ ጀነሬተር በቤት፥ በሱቅ ወይም በመስኮት አጠገብ ከቶ አይነሣ።

ለእኛ አገር ከሁሉ የሚያሠጋው ግን የጉድጓድ ነገር ነው። የውሃ መሳቢያ ሞተር ውሃን ከታች የሚያነሣው በአየር ግፊት ስለሆነ፥ በሞያሌ ከፍታ በሒሳብ 9 ሜትር ያህል፥ በተግባር ግን 6 ወይም 7 ሜትር ብቻ ይስባል። የቦረና ሰዎች ተሰልፈው በዜማ እየተቀባበሉ ውሃ የሚያወጡባቸው፥ በዱብሉቅና በሌሎች ስፍራዎች የሚገኙት የቱላ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ የጠለቁ ናቸው። ሞተሩ ከላይ ሆኖ አልስብ ሲል፥ ካርቡሬተሩ የታመመ የሚመስለውና ሞተሩን ራሱን በገመድ ወደ ጉድጓድ ለማውረድ የሚያስብ ሰው አለ። ይህ በጥቂት ደቂቃ የሚገድል ነገር ነው። መርዙ በጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የወረደው ሰው ይወድቃል፤ እርሱን ለማውጣት የሚገባው ወንድሙም በላዩ ይወድቃል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ መርዙ በውስጡ ይቆያል። ስለዚህ ሞተር በማናቸውም ምክንያት ወደ ጉድጓድ አይውረድ። ጥልቅ ጉድጓድ የሚያስፈልገው ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ ጀነሬተሩም ከአፉ ርቆ፥ ነፋስ ጭሱን ወደ ጉድጓዱ በማይነዳበት ወገን ይቀመጥ። ይህ ከሌለ እንደ አባቶች ልማድ በእጅ ማውጣት ይሻላል።

10. ብልሽትን ስለ መከላከል

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ከጠገና ጥበቃ ይረክሳል። ቤንዚን ወደ ታንከር ሲቀዳ በጥሩ ወንፊት ወይም በማጣሪያ ይለፍ። የስፖንጅ አየር ማጣሪያ በአቧራ ጊዜ ቶሎ ቶሎ በሳሙና ውሃ ይታጠብ፥ ይድረቅ፥ ጥቂት የሞተር ዘይት ተነክሮ ይጨመቅና ይመለስ፤ የወረቀቱ ማጣሪያ ግን አይታጠብም፥ ይራገፋል ወይም ይለወጣል። ሞተሩ ከ1 ወር በላይ የሚቀመጥ ከሆነ፥ ለምሳሌ ዝናብ ዘንቦ ኩሬው በሞላ ጊዜ፥ ነዳጁ ከታንከሩም ከጽዋውም ይፍሰስ። በክረምቱ ቸል የተባለው ጽዋ በበጋው፥ ውሃ በጠፋበት በዚያው ሳምንት፥ ሞተሩን አልነሣ ያሰኘዋል።

የማኅበር ወይም የመንደር ሞተር የሆነ እንደሆነ፥ አንድ ጠባቂ ተለይቶ ይመረጥ፤ ከሞተሩም ጋር አንድ ትንሽ ሣጥን ትኑር። በሣጥኗ ውስጥ አንድ ካንዴላ፥ አንድ የጽዋ ቀለበት፥ አንድ መርፌ፥ ሁለት ጋስኬት፥ ቁልፍና ካቻቢቴ ይቀመጡ። ዘይት የተለወጠበትና ካርቡሬተሩ የተጠረገበት ቀንም በደብተር ይጻፍ። የእነዚህ ሁሉ ዋጋ ተደምሮ ከአንዲት ፍየል ዋጋ አይበልጥም፤ ሞተሩ በድርቅ ቀን ሳይቆም ቢቀር የሚያተርፈው ግን መንጋውን ሁሉ ነው።